ስልኩን ብነጥቀው አፉን ይፈታል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ አንዲት የሐዋሳ እናት አራት ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ወንድ ልጃቸው አፉን አልፈታም። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሳለ «እማ» እና «ውሃ» ይል ነበር፤ ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓሮ ሮጦ ይመጣል። ቆርኪ ሰብስቦ ይደረድራል፤ ሰልፉን የነካበት እንደሆነ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጫል። የፈለገው ነገር ሲኖር የእናቱን እጅ ይዞ ይጎትታል። ከዳቦ፣ ከመኮሮኒና ከድንች ጥብስ ሌላ አይቀምስም፤ ዳቦውም በሻይ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ያህል ስልክ ያያል። ሁለት ጊዜ ከግቢ አምልጧል፤ አንዱን ጊዜ የተገኘው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ «ሲናገር ይዛችሁት ኑ» ብሎ መልሶታል። አማታቸው «አባቱም አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ስልኩን ይከሳል፤ ሌላው ደግሞ ሲዳምኛና አማርኛ ተደባልቆበት ነው ይላል። የእናትየዋ ጥያቄ ሁለት ነው፦ «ስልኩን ጨርሼ ብነጥቀው ይናገራል? ካልሆነስ ሥራዬን ትቼ አዲስ አበባ ይዤው ልግባ?»

ምላሽ

ሁለቱንም አያድርጉ። ስልኩ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይነጠቅም፤ ሥራዎንም አይልቀቁ። መጀመሪያ ግን አማትዎ የሚሉትን እናጥራ፣ ጊዜ የሚያባክነው እሱ ነውና። ዘግይቶ አፉን የሚፈታ ልጅ ቃል ባይኖረውም በጣቱ ይጠቁማል፣ እጁን እያወዛወዘ ይሰናበታል፣ ያገኘውን ነገር አምጥቶ ፊትዎን እያየ «እይልኝ» በሚል ዓይን ያሳይዎታል። የእርስዎ ልጅ እጅዎን የሚጎትተው ክዳን እንደሚከፍት መሣሪያ ነው፤ ፊትዎን አያይም። ለስሙ አይዞርም። የነበሩት ቃላት ጠፍተዋል፤ ይህ የመጨረሻው ብቻውን እንኳ «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» የማይባልበት ምልክት ነው። እነዚህ ከመደርደሩና ከምግብ ምርጫው ጋር ሲደመሩ ማንኛውም ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ኦቲዝምን ነው፤ አንጎል በተለየ መንገድ በማደጉ ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ ልዩነት ማለት ነው። በጽሑፍ ብቻ ኦቲዝም ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ልጁ መታየት አለበት። ከዚህ በታች ያለውን ለመጀመር ግን የምርመራ ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኋላ ኋላ ስሙ ሌላ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሚጎዳ ነገር የለውም።

ስልክ ኦቲዝምን አያመጣም። ልዩነቱ የሚጀምረው አንጎል ሲሠራ፣ አብዛኛውን ከመወለድ በፊት ነው፤ የዘር ድርሻውም ከፍተኛ ነው። ሁለት ቋንቋም አያመጣውም፣ አያባብሰውምም። እርስዎ በአማርኛ፣ አያቱ በሲዳምኛ ማውራታቸውን ይቀጥሉ፤ ሰው በማይቀናው ቋንቋ ለልጁ ሲያወራ ንግግሩ ይደርቃል፣ ጨዋታው ይጠፋል፣ አያቱ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ቃላቱ የጠፉበት ጊዜ ከ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ጋር ስለሚቀራረብ ክትባቱን የሚጠረጥሩም አይታጡም። ይህን ወሬ ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዝ ሐኪም ጽሑፍ ነበር፤ ያተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ታናሽ ካለው ክትባቱን አያስቀሩበት።

ታዲያ ስልኩ ምንም አላደረገም? አድርጓል፤ ሰዓቱን ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ የሚፈቀደው ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አምስት ሰዓት ስልክ ማለት ከሰው ጋር ሊሆን ይችል የነበረ አራት ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። በአንድ ቀን መንጠቅ የማይሠራበትን ምክንያት ደግሞ የሞከሩት ወላጆች ያውቁታል። ልጁ በሚረብሸው ዓለም ውስጥ ሁሌም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚያገኘው ነገር ስልኩ ነው። ሲነጠቅ ሁለት ሦስት ቀን ቤቱ ይታመሳል፤ በአራተኛው ቀን ጎረቤት ሲያንኳኳ ይመለስለታል። ያኔ የተማረው ትምህርት «በደንብ ከጮኽኩ ይሰጡኛል» የሚል ነው፣ እሱን ማስረሳት ደግሞ ስልኩን ከመቀነስ የከበደ ነው።

ስለዚህ በየአራት ቀኑ ግማሽ ሰዓት ይቀንሱ፤ በአንድ ወር ገደማ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል። የሚያይበት ሰዓት ቋሚ ይሁን፤ ሲያለቅስ የሚሰጥ አይሁን። ማብቂያውን ራሱ የስልኩ ደወል ያብስር፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሁን፤ ሲደወል ስልኩ ክዳን ያለው ካርቶን ውስጥ ይገባል። «ቻርጅ ጨርሷል» ብሎ ማታለል አንድ ሳምንት ያስኬዳል፤ ከዚያ ቻርጀሩን ራሱ ይዞልዎት ይመጣል። የተቀነሰውን ሰዓት ባዶ አይተዉት። ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ፣ ሁለት ኩባያ፣ አንድ ጠባብ አንገት ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርኪዎቹን ያድርጉለት፤ አጠገቡም ይቀመጡ። ቆርኪ ወደ አፉ የሚከት ከሆነ ትልልቅ ክዳን ይተኩበት። ከሳፋው አጠገብ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይለዩ፤ ሲያልቅም ውሃውን ይድፉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እጅዎን ጎትቶ ወደ ጓዳ ሲወስድዎት ልጁ እያወራ ነው። የእርስዎ ሥራ ያንን ንግግር አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ነው። በዳቦ ይጀምሩ። አንድ ዳቦ አውራ ጣት በሚያህል መጠን አሥር ቦታ ይቁረጡና ውስጡ በሚታይ፣ እሱ ሊከፍተው በማይችል የፕላስቲክ ዕቃ ይክደኑት። ጊዜው መክሰስ ይሁን እንጂ ቁርስ ወይም ምሳ አይሁን፤ የራበው ልጅ አይማርም፤ መደበኛ ምግብም የሥልጠና መያዣ አይደለም። እጅዎን ሲጎትት አብረው ይሂዱ፣ በርከክ ይበሉና ፊትዎ ከፊቱ ትይዩ ይሁን። ዕቃውን በሁለታችሁ መካከል ይያዙ። «ዳቦ» ይበሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም ብለው በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። አሥር መቁጠር ለአዋቂ ረጅም ነው፣ ምላስዎን ይበላዎታል፤ ለእሱ ግን ሰምቶ፣ አስቦ፣ ለመንቀሳቀስ የሚበቃው ጊዜ ያ ነው። አንዴ ካየዎት፣ ድምፅ ካወጣ፣ ጣቱን ወደ ዕቃው ከሰደደ፣ ሳይዘገዩ ይክፈቱና አንዷን ቁራሽ «ዳቦ» ብለው ይስጡት። ሙሉ ዳቦ ከሰጡት ትምህርቱ እዚያው አለቀ፤ አሥር ቁራሽ ግን አሥር ዕድል ነው። አሥር ቆጥረው ምንም ካልመጣ ጣቱን ቀስ ብለው ይዘው አስጠቁመው ይስጡት፣ ባዶ እጁን አይመልሱት።

እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል በየቤቱ የሚሠሩ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ዳቦ በል፣ ካላልክ አልሰጥህም» ማለት ነው። ልጁ እምቢ ብሎ አይደለም ዝም ያለው፤ አልቻለም። ያልቻለውን ማስገደድ ደግሞ ከጓዳው መሸሽን ነው የሚያስተምረው። ሁለተኛው የጥያቄ ናዳ ነው፤ «ምን ፈለግክ? ይሄን ነው? ይሄ ምንድን ነው? በል ንገረኝ»። ጥያቄ ፈተና ነው፣ አፉን ላልፈታ ልጅ ደግሞ ሁሌ የሚወድቅበት ፈተና ነው። ሦስተኛው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። «የኔ ጌታ፣ ና እስኪ እናትህ ዳቦ ታብላህ» የሚለው ፍቅር ነው፤ በሌላ ሰዓት ይበሉት። በዚያች ደቂቃ ግን ከውስጡ «ዳቦ» የምትለዋን ለይቶ ማውጣት አይችልም። ቃል የሌለው ልጅ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ያለው ልጅ ሁለት ቃል ይሰማል፤ ሁልጊዜ ካለው በአንድ ከፍ።

ለሳምንት ያህል ይህን ካደረጉ በኋላ ፎቶ ይጨምሩ። የራሱን ዳቦ በራሱ ሳህን አድርገው በስልክዎ ያንሱ፤ ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ አገር ዳቦ ለእሱ ዳቦ ላይሆን ይችላል። መዳፉ በሚያህል መጠን፣ በግምት 7 በ7 ሴንቲ ሜትር አሳትመው ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔሽን ያስደርጉት፤ ሁለት ሦስት ቅጂ ይሁን፣ ይጠፋልና። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እርስዎ ፊት ለፊት ዳቦውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አባቱ ወይም አያቱ ከኋላው ሆነው ምንም ሳይናገሩ እጁን ይዘው ካርዱን አስነስተው በእርስዎ መዳፍ ላይ ያስቀምጡታል። ካርዱ እጅዎ ሲገባ «ዳቦ!» ብለው ወዲያው ይሰጣሉ። ከኋላ ያለው ሰው እርዳታውን በየቀኑ ያሳንሳል፤ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ አንጓ፣ ከዚያ ክርን፣ በመጨረሻ ምንም። ዝም ማለቱ ዋና ነገር ነው፤ «በል ስጣት» ካለ ልጁ የሚጠብቀው ትእዛዝ ይሆናል፣ የራሱ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

ካርዱ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። በጓዳው በር ላይ በልጁ ደረት ቁመት ይንጠልጠል፤ እጁ ካልደረሰበት የለም ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካርድ ይዞ በመጣ ቁጥር ይሰጠው፣ ቁራሹ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም። ካርዱን አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ የሱ አፍ ነው እንጂ የእኛ መፈተኛ አይደለም። «ካርድ ከለመደ በዚያው ይቀራል፣ አይናገርም» የሚለው ፍርሃት ብዙ ቤተሰብን ዓመታት አስጠብቋል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ሥዕልና ምልክት ንግግርን እንደማይከለክሉ ነው፤ አንዳንዱን ልጅ እንዲያውም ያግዙታል።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። አንዱ ዳቦው፣ አንዱ ሳፋው፣ አንዱ ደግሞ ሽቅብ አንስቶ መጫወት፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያሉ አምስት ስድስት ጊዜ ካነሱት በኋላ «አንድ፣ ሁለት…» ብለው ያቁሙ። ቀጥሎ የሚመጣው ዓይን፣ ድምፅ ወይም መንጠራራት የእሱ «ሦስት» ነው፤ ያንሱት። ስሙን በተመለከተ፣ ሃያ ጊዜ መጥራቱን ይተዉ፤ ከአካባቢው ጫጫታ ጋር ያመሳስለዋል። አጠገቡ ሄደው ትከሻውን ነክተው አንድ ጊዜ ይጥሩት፤ ዞር ሲል ደስ የሚለው ነገር ይከተል። ስሙ የሚጠራው ለቁጣና ለሻወር ብቻ ከሆነ የማይዞርበት በቂ ምክንያት አለው።

ጭንቅላቱን ማጋጨቱ እልህ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአቅም በላይ መሆን ነው። እልህ ሲሆን ልጁ እያለቀሰ ያይዎታል፣ ያገኘው ዕለት ያቆማል፤ ይኼኛው ግን የጠየቀው ቢሰጠውም አይቆምም። በዚያ ሰዓት ማስረዳት፣ መቆጣትና መምታት ያባብሰዋል፤ ውሃ መርጨትም እንደዚያው። የታጠፈ ጋቢ ከጭንቅላቱ ሥር ያስገቡ፣ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ ተመልካቹን ያስወጡ፣ እርስዎም ዝም ይበሉ። ካጋጨ በኋላ ካስታወከ፣ ካንቀላፋ ወይም አረማመዱ ከተዛባ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። መከላከሉ ግን ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፦ ቆርኪውን ከመጀመሪያው ትልቅ ትሪ ላይ እንዲደረድር ያድርጉ። ምሳ ሲደርስ ትሪው እንዳለ ይነሳል፣ ሰልፉ አይፈርስም። ገብርኤል ሲነግሥ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19፣ እንዲሁም ሰርግ ቤት፣ ድምፅ ማጉያውና ግፊያው ይከብደዋል፤ በጠዋት ሰው ሳይበዛ ደርሶ መመለስ ይሻላል። ጸበል መውሰድ ከፈለጉ ከዚህ ሁሉ ጋር አይጋጭም። ታስሮ ወይም በግድ ተይዞ መጠመቅ፣ እንዲሁም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ ግን አይሆንም።

ሐኪም ቤቱን በዚህ ሳምንት ይሂዱበት። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይያዙና ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሁላችን «ሪፈራል» ወደምንለው፣ የሕፃናት ክፍል ይሂዱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጆሮ ነው። የላስቲክ ድምፅ መስማቱ ንግግር ይሰማል ማለት አይደለም፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የቋጠረ ጆሮ አንዱን ድምፅ ይዞ ሌላውን ያስቀራል። ሁለተኛው ደም ማነስ ነው። ዳቦና መኮሮኒ ብቻ የሚበላ ልጅ ብረት ሊያንሰው ይችላል፤ ሻይ ደግሞ ብረቱ በአንጀት እንዳይገባ ያግዳል፤ ስለዚህ ሻዩን ከዛሬ ጀምሮ ከምግብ ያርቁ። ሦስተኛ፣ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ መቅረት፣ የዓይን ሽፋን መርገብገብ ወይም ድንገተኛ መንዘርዘር ካዩ ይናገሩ፤ የሚጥል በሽታ በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌሎች ይበልጥ ይታያል። የክትባት ካርዱንና ሦስት አጫጭር ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ፦ ሲጫወት፣ ስሙ ሲጠራ፣ ሲረበሽ። ሐኪሙ ፊት አሥር ደቂቃ የሚያሳየው ጠባይ ብዙ ጊዜ የቤቱን አይመስልም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲያየውም ይጠይቁ፤ ለእብድ ነው ብለው አይሽሹት።

ንግግር የሚያመጣ መድኃኒት የለም። ሪስፔሪዶን የሚባለው ለከባድ መረበሽና ራስን ለመጉዳት፣ በስፔሻሊስት ውሳኔ ብቻ፣ ክብደት እየተለካ የሚሰጥ ነው፤ ለእርስዎ ልጅ አሁን የመጀመሪያው አማራጭ አይደለም። «መርዝ ከደም እናጥባለን» የሚሉ፣ የስቴም ሴል መርፌ የሚሸጡ፣ «በሦስት ወር እናናግረዋለን» የሚሉ ካገኙ ገንዘብዎን ይያዙ። ሐቁ ይህ ነው፦ በዚህ ዕድሜ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ቃል ያወጣሉ፣ አንዳንዶቹ በስድስትና በሰባት ዓመታቸው፣ ሌሎች ደግሞ በካርድና በምልክት ይቀራሉ። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። መጠየቂያ መንገድ ሲያገኝ ግን ማጋጨቱ ቶሎ ነው የሚቀንሰው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፣ ነህምያም አለ፤ የሚጠባበቀው ቤተሰብ ግን ብዙ ነው። ማዕከል ቢገባም በቀን የተወሰነ ሰዓት ነው፤ ቀሪው ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሠልጣኙ ስፔሻሊስት እንዲሆን እንኳ አይጠይቅም። ለምርመራ ወይም ለሥልጠና አንድ ሳምንት ደርሶ መመለስ ጥሩ ነው። ደመወዝዎን፣ አያቱንና የለመደውን ግቢ ጥሎ መግባት ግን ኪሳራ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱንም «ሲናገር» ብለው አይጠብቁት፤ ካርዱን ይዞ በቀን አንድ ሰዓት እንዲጀምር ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ትምህርትን መብት ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በሩ። ዛሬ፣ ከዳቦውም ከሐኪሙም አስቀድመው። ከቤት የሚጠፉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሁሉ በላይ የሚሞቱት በውሃ ነው፤ ብዙዎቹ ውሃ ይስባቸዋል፣ አደጋው ግን አይገባቸውም። የግቢውን በር መቀርቀሪያ በአዋቂ ትከሻ ቁመት ያስበይዱ፤ ከበሩ ላይ ቃጭል ይንጠልጠል፤ ሲከፈት ጓዳ ድረስ ይሰማ። ከውስጥ በቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን መደበቅ ለእሳት አደጋ ነው፣ ልጁን ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ስልክ ቁጥርዎን በሸሚዙ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። በአቅራቢያው ላሉ የባጃጅ ተራ ሾፌሮችና ጥበቃዎች ፎቶውን አሁኑኑ ያሳዩ፤ ከጠፋ በኋላ ማስረዳት ሰዓት ይፈጃል። ቢጠፋ የመጀመሪያው ሰው የሚሮጠው ወደ ሐይቁ ነው፣ ዘመድ ቤት መጠየቁ ቀጥሎ ይደርሳል።

ካርዱን ስድስት ሳምንት በቀን ሦስቴ ተጠቅመው ልጁ ሳይታገዝ አንድም ቀን ካላቀበለዎት፣ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ካርዱ ላይ ያለውን ነገር ይመርምሩ። ዳቦውን ያን ያህል አልፈለገውም ይሆናል። ያኔ ቆርኪዎቹን ከትሪው ሰብስበው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡና የቆርኪ ፎቶ ያንሱ።